የአሻንጉሊት ቀሚስ ከነጥለቱ

ለአሻንጉሊት የሀገር ልብስ ሰፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ወገቡ ልክ ነው፣ እጅጌው ደርሷል፣ ርዝመቱም አልተሳተም፤ አሻንጉሊቷ ግን ቀሚስ የለበሰች ሳትሆን በጋቢ የተጀቦነች ትመስላለች። ብዙዎች ጥፋቱን ከመቀሳቸው ወይም ከእጃቸው ይፈልጉታል። ያለው ጨርቁ ላይ ነው። ለሰው የተፈተለው ክርና ለሰው የተሸመነው ጨርቅ እንዳለ ቆይቶ፣ ያነሰው ቅዱ ብቻ ነው። በልኩ የተሰፋ የአሻንጉሊት ልብስ የሚጀምረው ክሩን፣ ጨርቁንና ጥለቱን አብሮ ከማሳነስ ነው፤ መቀሱ ከዚያ በኋላ ይነሳል።

ይህ መመሪያ ልጅ ይዞት ለሚሮጠው መጫወቻ አይደለም። መደርደሪያ ላይ ለሚቀመጥና ሰው ቀርቦ ለሚያየው አሻንጉሊት ነው። የስፌት መኪና አያስፈልግም። አብዛኛው ዕቃ እዚህ ካፋ ውስጥ ቢታ ገነት ገበያ ላይ የሚገኝ ነው፤ የጎደለውን ቦንጋ የሚሄድ ሰው ያመጣልዎታል።

ስሌቱ

አሻንጉሊቷን ከእግር እስከ ራስ ይለኳት። ሱቅ ውስጥ የምናያት፣ ወይም ውጭ ያለ ዘመድ የሚልካት ቀጭኗ አሻንጉሊት ባርቢ ወይም የባርቢ አምሳያ ናት። ቁመቷ 29 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በ6 ቢያባዙት 174 ይሆናል፣ የአንዲት ረዘም ያለች ሴት ቁመት። ስለዚህ መጠኗ 1 ለ6 ነው። አሜሪካን ገርል የሚባለውና 46 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው አሻንጉሊት ልጅ ስለሆነ፣ የ8 ወይም የ9 ዓመት ልጅን ቁመት ይዘው ሲያካፍሉት ወደ 1 ለ3 ይጠጋል። እዚህ የምንሰፋው ለመጀመሪያዋ ነው።

አሁን አንድ እውነተኛ የሀገር ቀሚስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ሁሉንም ነገር በሜትር ይለኩና በ6 ያካፍሉ። 12 ሳንቲ ሜትር የነበረው የታች ጥለት 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የ3 ሳንቲ ሜትር እጥፋት 5 ሚሊ ሜትር፣ የ12 ሚሊ ሜትር ቁልፍ 2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 180 በ120 የሆነ ነጠላ 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ይወጣዋል። ስሌቱ የሚሰበረው ስፌቱ ላይ ነው፤ የመኪና ስፌት እያንዳንዱ ርምጃ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና በ6 ሲካፈል ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህን ሰው አይሰፋውም። 1 ሚሊ ሜትር ከደረሱ ዓይን ይታለላል፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ግን ስፌቱ ከሩቅ ይጮኻል።

የካፋ ዘመን መለወጫ ማሽቃሬ ባሮ ሲከበር ወይም ኅዳር 29፣ በብሔር ብሔረሰቦች ቀን፣ ሰው ሁሉ የባህል ልብሱን ለብሶ ሲወጣ፣ የካፋን ልብስ ለመስፋት የሚያስብ ሰው ማስመሪያ ይዞ ይውጣ። ፈቃድ ጠይቀው ማስመሪያውን ከጥለቱ አጠገብ አስይዘው ፎቶ ያንሱ። ቀለሞቹ በምን ቅደም ተከተል እንደመጡና እያንዳንዱ መስመር ስንት እንደሆነ ከፎቶው ላይ ይነበባል። ከስልክ ላይ ከተገኘ ምስል የተቀዳ ልብስ ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ላይ ይዋሻል፤ ብዙ ጊዜም የጥለቱ ስፋት ላይ ነው።

ጨርቅ ፍለጋ

በእጅ የተፈተለ የሀገር ጥጥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ማጉ ወፍራም ነው፤ ጌጡም ጉዳቱም ያ ነው። የሚፈልጉት ሰልባጅ ተራ ላይ ነው። ስስ የወንድ ሸሚዝ ይፈልጉ፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰው ይሻላል፣ አንገቱ ያለቀም ቢሆን ግድ የለም፤ ከጀርባው ብቻ ሁለት ሦስት ቀሚስ ይወጣል። ስስ የጥጥ ሻሽም ጥሩ ነው። ለነጠላ ደግሞ ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል ፋሻ የሚወዳደረው የለም። ልብስ ሰፊ ጎረቤት ካለዎትም ጎራ ይበሉ። «ጋሼ፣ ከገበር የተረፈ ብጣሽ ይኖርዎታል?» ማለት ይበቃል፤ እሱ የሚጥለው የእርስዎ ሙሉ ልብስ ነው።

ጨርቁን ሦስት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ ከጠርዙ አንድ ክር መዘው በእሳት ይሞክሩት። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል፤ ፕላስቲክ ያለበት ግን ተሰብስቦ ጠንካራ ጠብታ ይሆናል። ያንኛው ካውያም አይቀበል፣ እጥፋትም አይዝ። ሁለተኛ፣ ማስመሪያ አስቀምጠው በመርፌ ጫፍ እየነኩ በ1 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ክሮች ይቁጠሩ። 35 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ይግዙት። ሦስተኛው ከሁሉ ይበልጣል፤ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቁራጭ አመልካች ጣትዎ ላይ ያንጠልጥሉት። ወደ ታች ከወረደ ቀሚስ ይሆናል። በሁለቱም ወገን ክንፍ ሠርቶ ከቆመ፣ ውበቱ ምንም ቢሆን ይተውት።

የፋብሪካ ነጭ ሰማያዊ የሚመታ ነጭ ነው፤ የሀገር ጥጥ ደግሞ ወደ ወተት ያደላል። ካፋ ላይ ተቀምጦ ለዚህ መድኃኒት መፈለግ አያሻም። ከአቦልና ከቶና በኋላ የሚመጣውን በረካ ያጥልሉት፤ አተላው ከገባ ጨርቁን ያዥጎረጉረዋል። ሞቅ እንዳለ ቀድሞ የረጠበውን ጨርቅ ሁለት ደቂቃ ነክረው ያውጡት፤ ጥርት ያለ ውኃ እስኪወጣው ያለቅልቁት፣ ጥላ ላይም ያድርቁት። እርጥብ ሳለ የጠቆረ ይመስላል፤ ሲደርቅ ይሳሳል። አቦሉን አይጠቀሙ። እሱ ጨርቁን ያረጀ ያስመስለዋል፤ ያረጀ የእቴጌ ዘመን ልብስ ለመሥራት ካሰቡ ግን ያው እሱ ነው የሚያስፈልግዎት።

ጥቁር፣ ቀይና ጥልቅ ሰማያዊ ጨርቅ ላይ ይጠንቀቁ። የአሻንጉሊት ገላ የሚሠራበት ለስላሳ ፕላስቲክ ቀለም ይጠጣል፤ ከወራት በኋላ ልብሱ ሲወልቅ ወገቧ ላይ ቀይ ቀበቶ ታትሞ ይቀራል፣ አይለቅምም። ጨርቁን አርጥበው በነጭ ጨርቅ ይሹት። ነጩ ከነካካው ደጋግመው ያጥቡት፤ ያም ሆኖ ሳሳ ያለ ነጭ ገበር ሳያስገቡ አያልብሷት።

ቅድ ማውጣት

የተዘጋጀ ቅድ አይፈልጉ፤ አሻንጉሊቷ ራሷ ቅድ ናት። ደረቷን፣ ወገቧንና ዳሌዋን በስስ ፌስታል ጠቅልለው፣ በላዩ ላይ ስኮች በአጫጭር ቁራጭ እየለጠፉ ያልብሷት። በቀጭን እስክሪብቶ የአንገቱን ዙሪያ፣ ትከሻውን፣ ብብቱን፣ ጎኑን፣ ወገቡንና የጀርባውን መሐል ያስምሩ። ከዚያ በጀርባው መስመር ላይ ቆርጠው ያውጡትና በየመስመሩ ይክፈሉት። ቁራጮቹ ወረቀት ላይ ተዘርግተው ሲቀዱ ቅዱ ተገኘ። ደረቱ ላይ አልዘረጋ ያለ ቦታ ካለ ከጎን በኩል ይሰንጥቁት፤ ያች ስንጥቅ በኋላ ትንሽ እጥፋት ትሆናለች።

በእያንዳንዱ ጎን ላላ እንዲል 1 ሚሊ ሜትር ይጨምሩ፣ ከዚያም 5 ሚሊ ሜትር የስፌት ዳር። ዳሩ ከዚህ በታች ከሆነ ጨርቁ እጅዎ ላይ ይተረተራል። ከተሰፋ በኋላ ግን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይከርክሙት፤ ውስጥ የቀረ ዳር ሁሉ ከውጭ አሻንጉሊቷን ያወፍራታል።

የሰው ቀሚስ በራስ በኩል ይለበሳል። የአሻንጉሊት ራስ ግን ከገላዋ አንጻር ትልቅ ነው፣ ክንዷም ብዙውን ጊዜ አይታጠፍም። ስለዚህ ቀሚሱን ጀርባ ላይ ቢያንስ ከአንገት እስከ ዳሌ ክፍት ያድርጉት።

ጥለቱ

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያብረቀርቅ ሪባን ገዝቶ ይለጥፋል። እኔ አልወደውም። ሪባን ከጨርቁ በላይ ይቀመጣል፤ ጥለት ግን ከጨርቁ ውስጥ የሚወጣ ነገር ነው፣ በትንሿም ቀሚስ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

ሸማኔ የሚያውቁ ከሆነ በጣም ጥሩው መንገድ እሱ ነው። ሸማኔ አብዛኛውን ጊዜ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን በእጅ ከተፈተለው ያደርጋል። እርስዎ ድርም ማግም የፋብሪካ ስስ ክር እንዲያደርግልዎት፣ ጥለቱም ከ2 ሳንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠይቁ። ይስቅብዎታል፤ ይሳቅ። አንድ ክንድ የሚሆን ካወጣልዎት ለበርካታ ቀሚስ ይበቃል። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለም ሽሮ ሜዳ ላይ ከአንገትና ከእጅጌ የተረፈ ጠባብ ጥለት እንዲፈልግ ይላኩት፤ ለእጅጌ የተሸመነው ለአሻንጉሊቷ የታች ዘርፍ ይሆናል።

ሸማኔ ከሌለ በጥልፍ ይሠራል፤ የሚሠራውም ጨርቁ ሳይቆረጥ ነው። የጥልፍ ክር ከስድስት ስስ ክሮች የተገመደ ስለሆነ ፈትተው አንዱን ብቻ ይጠቀሙ። መርፌው ሱቅ ያለው ቀጭኑ ይሁን። ክሩን ከአንድ ክንድ አያስረዝሙት፤ ረጅም ክር ጨርቁን ሲመላለስ ይላጋል፣ የተላገ ክር ደግሞ በዚህ መጠን ገመድ ይመስላል።

አንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንይ። ዋናው ቀሚስ ላይ ያለው ጌጥ ስፋቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አራት ማዕዘኑ በጫፉ የቆመ ነው እንበል። የእርስዎ 1 ሳንቲ ሜትር ነው። ጨርቅዎ በሳንቲ ሜትር 36 ክር ካለው፣ ሦስት ሦስቱን ክር እንደ አንድ ቆጥረው 12 ደረጃ አለዎት ማለት ነው። በስኩዌር ወረቀት ላይ 12 ሳጥን ከፍተው ጌጡን ይሳሉ። ከታች በሁለት ሳጥን ይጀምራል፤ በየመስመሩ ግራና ቀኝ አንድ አንድ እየጨመረ 12 ይደርስና በዚያው መንገድ ይመለሳል። መርፌውም ይህንኑ ይከተላል፣ ሦስት ክር አንድ ሳጥን እያሉ። መሐሉ ላይ የነበሩትን ትንንሽ መስቀሎችና ነጠብጣቦች ሁሉ አስገባለሁ ካሉ ግን ቀለሙ ተደበላልቆ ጭቃ ይሆናል። መጀመሪያ ሁለቱን የዳር መስመሮች ያስቀምጡ፣ ቀጥሎ ትልቁን ጌጥ፣ ከዚያ አንድ የመሐል ነጥብ። የቀረውን ይተዉት። ቀለም ከሦስት አይብለጥ፤ የሚቀራረቡ ሁለት አረንጓዴዎች በ2 ሳንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ስለሚሆኑ፣ አንዱን ከሚገባው በላይ ጨለም፣ ሌላውን ፈካ ያድርጉት። በየመሐሉ ሥራውን ክንድዎን ዘርግተው ያዩት፤ የሚታየውም ከዚያ ርቀት ነው።

መስፋት

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1945 ፓሪስ ውስጥ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና ሳያበቃና ጨርቅ ጠፍቶ ሳለ፣ የከተማዋ ታላላቅ ሰፊዎች ከ200 የሚበልጡ የሽቦ አሻንጉሊቶችን አልብሰው ለሕዝብ አሳይተው ነበር። አሻንጉሊቶቹ 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበሩ። ቁልፎቹ የሚቆለፉ፣ ቦርሳዎቹ የሚከፈቱ ነበሩ፤ ከእነዚያ አሻንጉሊቶች ብዙዎቹ ዛሬ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ባለው የሜሪሂል ሙዚየም ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1959 ለገበያ የቀረበችው ባርቢም የመጀመሪያ ልብሶቿን የነደፈችላት ሻርሎት ጆንሰን ጃፓን ድረስ ሄዳ ነው ያሰፋችው፤ ገበር የገባላቸው፣ ጥቃቅን ዚፕ ያላቸው ልብሶች ነበሩ። ይህን የማነሳው በእጅ መስፋት ድህነት የሚመስለው ሰው ስለማይጠፋ ነው። በዚህ መጠን መኪና ጨርቁን ይውጠዋል። በእጅ ይስፉ።

ለመገጣጠሚያው መርፌውን አንድ ርምጃ ወደ ኋላ ወግተው ሁለት ርምጃ ወደ ፊት የሚያወጡበት ስፌት ይሁን፤ ጠንካራ ነው፣ አይላላም። ክሩ የጥልፍ ክር አንዱ ፈትል ወይም ሱቅ ያለው እጅግ ቀጭኑ ይሁን። ቅደም ተከተሉ ከሰው ልብስ ይለያልና በጥንቃቄ ይያዙት።

ትከሻውን ይግጠሙ። ቀጥሎ የአንገቱን ዙሪያ ይጨርሱ፤ ቀሚሱ ገና እንደ ወረቀት የተዘረጋ ስለሆነ ጣት ይገባል። አንገቱን ለማጠፍ አይታገሉ፤ ከስስ ጨርቅ የተቆረጠ ተመሳሳይ ቅርጽ ፊት ለፊት አድርገው ሰፍተው፣ ዳሩን በመቀስ ጫፍ በየ3 ሚሊ ሜትሩ ነከስ ነከስ አድርገው ወደ ውስጥ ይገልብጡት። ከዚያ እጅጌውን ብብቱ ላይ ሳይዘጋ፣ ዝርግ እንዳለ ይግጠሙት፤ የእጅጌውን ጫፍ ጥለትም አሁን ይጨርሱ። ጎንና እጅጌ በአንድ ስፌት ከእጅጌው ጫፍ እስከ ወገብ አብረው ይዘጋሉ። እጅጌውን መጀመሪያ ዘግቶ ኋላ ብብቱ ላይ ልግጠመው ያለ ሰው ጣቱን ሲወጋ ይውላል።

የታችኛው ክፍል ሽንሽን ከሆነ፣ ስፋቱ ከወገቡ አንድ ተኩል እጥፍ ይብቃው፤ ሁለት እጥፍ የመጨረሻው ነው። የሰው ቀሚስ ሦስት እጥፍ ይሸከማል፤ አሻንጉሊቷ ላይ ግን ወገቧ ይጠፋል። ከጠርዙ በ1 እና በ3 ሚሊ ሜትር ርቀት ሁለት መስመር ልል ስፌት ይስፉ፤ ሁለቱን ክሮች እኩል ስበው ሽንሽኑን በመርፌ ጫፍ ያከፋፍሉት፣ ከዚያ ወገቡ ላይ ይስፉ። የተረፈውን ዳር ወደ ላይ አጥፈው በካውያ ይጫኑት። ካውያው የማይደርስበት ጠባብ ቦታ ላይ የማንኪያ ጀርባ እሳት ላይ አሙቀው፣ ጥላሸቱን ጠርገው ይጠቀሙ።

ጀርባው ላይ ዚፕ አይሞክሩ። ጥቃቅን ጨሌ አምስት ወይም ስድስት በአንዱ ወገን፣ በሌላው ወገን ደግሞ ከክር የተሠራ ቀለበት ይበቃል። 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ጨሌ በትክክል የሰው ቀሚስ ቁልፍ መጠን ነው፤ ስሌቱን ያስታውሱ።

እንዲወርድ ማድረግ

ሁሉም በልኩ ሆኖ ቀሚሱ አሁንም ድንኳን ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ክብደት ነው። የጨርቁ ስፋት ሲያንስ ክብደቱ እጅግ ይቀንሳል፣ ግትርነቱ ግን እዚያው ነው፤ ስለዚህ የሰው ቀሚስ በራሱ ክብደት የሚያደርገውን እዚህ በውኃ ማድረግ አለብን። የአሻንጉሊቷን ገላና ፀጉር በፌስታል ይጠቅልሉ፣ ቀሚሱን ያልብሷት፤ ጣትዎን ጥርት ባለ ውኃ እየነከሩ ጨርቁን ሙሉ በሙሉ ያርጥቡ። ሽንሽኑን አንድ በአንድ ወደ ታች እየጎተቱ ያስተካክሉ፣ ከዚያ በነጭ ክር ከዳሌ እስከ ቁርጭምጭሚት ላላ አድርገው ይጠምጥሙት። እስኪደርቅ አይንኩት። ዝናብ ሲበዛ ምድጃ አጠገብ ማስጠጋት ያሰኛል፤ ግን ፕላስቲኩ ይጎብጣል፣ ጨርቁም ጢስ ይጠጣል፣ ስለዚህ ይታገሱ። ክሩ ሲፈታ ቀሚሱ ወርዶ ያገኙታል። ካስቸገረ ከታችኛው እጥፋት ውስጥ ጥቂት ጨሌ በእኩል ርቀት ደብቀው ይስፉ።

ሲያለብሷት እጆቿን በትንሽ ፌስታል ይሸፍኑ፤ ጣቶቿ እጅጌው ውስጥ ክር አይጎትቱም።

ነጠላው ቀላል ነው። ከፋሻው 30 በ20 ሳንቲ ሜትር ቆርጠው በበረካው ያቅልሙት፣ በሁለቱ ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ጥለት ይጥለፉ፤ ዳሩ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ክር መዘው ዘርፍ ያውጡለት። ድርብ አያድርጉት። ጋቢም ቢሰፉ የሰው ጋቢ አራት ድርብ ነው ብለው አራት አይደርቡ፤ ሁለት ፋሻ ይበቃዋል። ያልተሰፋ ጠርዝ ሁሉ በውኃ የቀጠነ ነጭ ኮላ በመርፌ ጫፍ ይቀባ፤ መጀመሪያ ግን በብጣሽ ላይ ይሞክሩት፣ አንዳንዱ ሲደርቅ ያብረቀርቃል።

ማቆሚያ ከቀርከሃ ይሠራል። ከወፍራሙ አንጓ ጋር የተቆረጠ ቁራጭ መቆሚያ፣ ወገቧን የሚይዝ ሽቦ ደግሞ ከጀርባው ይገባል፤ ሽቦው ዝገቱ ጨርቁን እንዳያበላሽ በክር ይጠቅለል።

ለካፋ አየር አንድ ነገር ይጨመር። ዝናቡና ጭጋጉ ለረጅም ወራት የሚቆይበት አገር ስለሆነ ጥጥ ፌስታል ውስጥ ታሽጎ ከቆየ ሻጋታ ያወጣል፤ በበረካ የቀለመ ከሆነ ደግሞ ነጠብጣቡ አይታይም፣ ሽታው ነው የሚነግርዎት። በወረቀት ጠቅልለው በካርቶን ያስቀምጡ። ፀሐይ በወጣች ቁጥር ልብሱን አውልቀው በጥላ ያናፍሱት፤ ቀጥታ ፀሐይ ጥለቱን ያደበዝዘዋል። ከቆሸሸ በለብ ያለ ውኃና በትንሽ ሳሙና ነክረው ያውጡት እንጂ አይሹት፤ ከዚያም አሻንጉሊቷ ላይ መልሰው፣ በክር ጠምጥመው ያድርቁት።